ካሴቱ ያለቀው ሰርጉ ላይ ነበር

ዛሬ ስለ ዶላርም፣ ስለ ቀይ ባሕርም፣ ስለ ምርጫም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ የዘፈን ፊልም ነው። «ሀገር በዚህ ሁሉ መሐል ሆና አንተ ስለ ዘፈን?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ አንድ ወዳጄ ሐሳቤን ነግሬው ገና ማኪያቶውን ሳይጨርስ ብሎኛል። ታገሡኝ። ረዘም ይላል፤ ግን እዚህ ዘወትር ከምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን እንደሚመስለው የራቀ አይደለም።

ፊልሙ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ፣ ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው፣ ጁሊ አንድሪውስና ክሪስቶፈር ፕለመር የተወኑበት። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ማሪያ የምትባል ለምንኩስና የምትዘጋጅ ወጣት ገዳሙ ውስጥ አልረጋ ስትል፣ ሚስቱ ለሞተችበት የባሕር ኃይል ካፒቴን ሰባት ልጆች ሞግዚት እንድትሆን ትላካለች። ካፒቴኑ ቤቱን እንደ መርከብ ነው የሚያስተዳድረው። ልጆቹን በስማቸው አይጠራም፤ ፊሽካ ይነፋላቸዋል፣ እነሱም ተሰልፈው ይወርዳሉ። ማሪያ ከመጋረጃ ልብስ ትሰፋላቸዋለች፣ ዘፈን ታስተምራቸዋለች፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ካፒቴኑም ይለሰልሳል። በመጨረሻ ይዋደዱና ይጋባሉ።

ለእኔ ለብዙ ዓመት ፊልሙ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አጎቴ ከጅዳ ሲመለስ የቪዲዮ ዴክ ይዞ መጣ። በሰፈራችን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዴክ ቢሆን ነው። ካሴቶቻችን አራት ነበሩ፦ አንዱ የዘመድ ሰርግ፣ ሁለቱ የሕንድ ፊልም፣ አራተኛው ይህ። ከዴክ ወደ ዴክ የተገለበጠ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ «ሚዩዚክ» ተብሎ የተጻፈበት። ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ የገለበጠው ሰውዬ የተጠቀመበት ካሴት ግን ያን ያህል አይዝም። ስለዚህ ማሪያ ቬሎዋን እየጎተተች በቤተ ክርስቲያኑ መሐል ትሄዳለች፣ ካፒቴኑ እጇን ይቀበላል፣ ደወሉ መደወል ይጀምራል፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጉንዳን ይፈስሳል። ዴኩ «ቀጭ» ብሎ ራሱ ወደ ኋላ ማጠንጠን ይጀምራል። አንዲት ጎረቤታችን ሁልጊዜ እዚህ ላይ እልል ትል ነበር። አንድም ቀን አልዘለለችም፤ የራሷን ልጅ የምትድር ነበር የሚመስለው።

እንግሊዝኛ አናውቅም። ዜማዎቹን ግን ከላይ እስከ ታች እናውቃቸው ነበር፤ ቃሉን ከራሳችን እየሞላን። ልጆቹ ለእንግዶች «ደህና እደሩ» እያሉ በደረጃው የሚወጡበትን ዘፈን እኛ ወደ መኝታ ስንባረር በተራ ነበር የምንዘፍነው፤ ደረጃ ስላልነበረን የቡና ረከቦቱ የተቀመጠባትን ዱካ እየዞርን። ማሪያ ልጆቹን ኖታ የምታስተምርበትን ዘፈን ደግሞ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ይዘውት ነበር። አሁን አርባ እየሞላን ያለን የዚያ ሰፈር ልጆች ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ አንዱ ቀስ ብሎ ያንጎራጉረዋል።

አንድ ቀን እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተጋቡ። አለቀ።»

አመንኳት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሙሉውን በዲስክ አዋሰኝ። ናፍቆቴን ልወጣ ብዬ ነው ያየሁት እንጂ አዲስ ነገር አልጠበቅሁም። ሰርጉ ደረሰ። ደወሉ ተደወለ። ጉንዳኑን ጠበቅሁ። ጉንዳን አልመጣም። ደወሉ ሳይቋረጥ ምስሉ ተቀየረ፦ የሳልዝበርግ አደባባይ፣ ባዶ የሚመስል፣ በመሐሉ ወታደሮች ተሰልፈው የሚያልፉበት፣ ከሕንፃው ላይ ግዙፍ የስዋስቲካ ባንዲራ የተንጠለጠለበት። የሰርጉ ደወል ነው የወረራውም ደወል የሆነው። አንድም ሰው አይናገርም። ዘፈንም የለም። እኔ ከዶርም አልጋዬ ላይ ተነስቼ ቁጭ ማለቴን አስታውሳለሁ።

በኋላ ነው እንግዲህ ያነበብኩት። ሙኒክ ውስጥ የፊልሙ ኩባንያ ተወካይ ከሰርጉ በኋላ ያለውን ክፍል ሙሉ በሙሉ አስቆርጦ ሲያሳየው ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሰማ የተቆረጠው ተመለሰ፣ ሰውየውም ተሰናበተ። የእኛ ካሴት የተቆረጠው በቦታ እጥረት ነው፤ የሙኒኩ የተቆረጠው ሆን ተብሎ ነው። ሁለቱም ግን እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ፊልም ላይ የሚሰጥ አስተያየት ስሰማ በልቤ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ አንተ ያየኸው የትኛውን ነው? ሰርጉ ላይ የሚያልቀውን ነው ወይስ ከሰርጉ በኋላ የሚቀጥለውን?

«የልጆች ፊልም ነው» የሚሉት ሰርጉ ላይ የሚያልቀውን ነው ያዩት። «ስኳር በዝቶበታል» የሚሉትም እንደዚያው። ትንንሽ ሰዎች አይደሉም ይህን ያሉት። ፓውሊን ኬል የምትባለው ስመ ጥር አሜሪካዊት የፊልም ሐያሲ በስኳር የተለበጠ ውሸት ነው ብላ አብጠልጥላዋለች። ካፒቴኑን የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕለመር ራሱ ለአሥርተ ዓመታት በፊልሙ ሲሳለቅ ኖሮ ነው በኋለኛው ዕድሜው ልቡ የራራለት። ሕዝቡ አልሰማቸውም። ፊልሙ 5 ኦስካር ወሰደ፣ በገቢ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን በልጦ የዘመኑ አንደኛ ሆነ፣ «ክሊዮፓትራ» በተባለው ፊልም ኪሣራ ሊወድቅ የደረሰውን ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስን አቆመው። ይህ ግን ስለ ጥራቱ ምንም አይነግረንም፤ ብዙ ሰው የወደደው መጥፎ ፊልም ሞልቷል።

እኔ የምከራከረው ስለ መጨረሻዎቹ አርባ ደቂቃዎች ነው። አንድ ሀገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሀገር ሲሆን በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ምን እንደሚመስል እንደነሱ በቀላሉ ያሳየኝ ፊልም የለም። ታንክ የለም። የጅምላ ጭፍጨፋ የለም። ያለው ይህ ነው፦ ካፒቴኑና ማሪያ ከጫጉላ ሲመለሱ በቤታቸው በር ላይ የማያውቁት ባንዲራ ተሰቅሎ ያገኙታል። ካፒቴኑ ያወርደውና ይቀድደዋል። ከዚያ ቴሌግራም ይመጣል (ይህ አሁን የምታነቡበት ሳይሆን የድሮው፣ በወረቀት የሚመጣው)፦ በጀርመን ባሕር ኃይል ተመድበሃል፣ ሪፖርት አድርግ። ጎረቤቱ ሄር ዜለር ትናንት የግብዣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ አዛዥ ሆኖ በራፉ ላይ ቆሟል። ወዳጁ ማክስ ደግሞ ምንጊዜም ቀልደኛ ነው፤ ፖለቲካ የለኝም፣ የሚሆነው መሆኑ ካልቀረ እኔ ላይ እንዳይሆን ነው የምጥረው ባይ። ማክስን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችን በመስታወት ውስጥ እናየዋለን።

የፊልሙ ልብ ግን ሮልፍ ነው።

ሮልፍ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቴሌግራም አመላላሽ ነው፣ ብስክሌት አለው፣ የካፒቴኑን ትልቋን ልጅ ሊዝልን ይወዳታል። በፊልሙ መጀመሪያ ዝናብ ላይ በአትክልቱ ቦታ ባለችው የመስታወት ቤት ውስጥ አብረው ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። በልጅነታችን ይህን ክፍል ታላቅ እህቴ ደጋግማ ነበር የምታስጠነጥነው። ያ ልጅ ነው ከሰርጉ በኋላ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ የሊዝልን ዓይን ሳያይ፣ ቴሌግራሙን ለአባትሽ ስጪ ብሎ የሚሄደው። በመጨረሻም ቤተሰቡ በገዳሙ መቃብር ቦታ ከሐውልቶቹ ኋላ ተደብቆ ሳለ የሚያገኛቸው እሱ ነው። ሽጉጥ ይዟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ካፒቴኑ ቀስ እያለ ይጠጋዋል፣ ከእኛ ጋር ና ይለዋል፣ ሽጉጡን ከእጁ ይወስድበታል። ልጁ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል። ካፒቴኑ ከእነሱ አንዱ ልትሆን ከቶ አትችልም ይለዋል። ያኔ ሮልፍ ይጮኻል፤ ፊሽካውንም ይነፋል።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ይህ በመጀመሪያው ድርሰት ውስጥ የለም። ፊልሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1959 ብሮድዌይ ላይ ከቀረበው የመድረክ ሙዚቃዊ ተውኔት ነው፤ በመድረኩ ሮልፍ ያገኛቸውና ሊዝልን ሲያይ ልቡ ይራራል፣ ማንም የለም ብሎ ያሳልፋቸዋል። ፍቅር ያሸንፋል። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ኧርነስት ሌማን ነው ይህን የቀየረው። በስኳር የሚታማው ፊልም ስኳሩን የቀነሰው ወሳኙ ቦታ ላይ ነው፤ ለዚህ የሚያመሰግነው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ፊሽካው። በፊልሙ መጀመሪያ ፊሽካ ያለው ካፒቴኑ ነው። ልጆቹን እንደ ወታደር የሚያሰልፍበት፣ ማሪያም በዚህ አልጠራም ያለችው ፊሽካ። ካፒቴኑ ቀስ በቀስ ይተወዋል፤ በፊሽካ ፈንታ በጊታር ልጆቹን ማግኘት ይማራል። ያ የተተወ ፊሽካ በመጨረሻ የሌላ ሰው ልጅ አፍ ላይ ነው የምናገኘው። የፊልሙ ሠሪዎች ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን ግድ የለኝም። እኔ አይቼዋለሁ፤ አንዴ ካየሁት በኋላ ላላየው አልችልም።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ቤታችን ውስጥ ብዙ ተወርቶ አያውቅም። እማዬ አንብባ ይሁንታዋን ሰጥታኛለች።

ሙሉውን ዲስክ ለዕረፍት ስመጣ ይዤው መጣሁና ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። «እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው፣ አስታወስሽ? ከዚህ በኋላ ሌላ ፊልም ነው» እያልኩ አስጎበኛታለሁ፤ ዝም ብላ ታያለች። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ተነሳች። «ውሃ ልጠጣ» አለች። ከማድ ቤት የቧንቧው ድምፅ ሲፈስስ ይሰማኛል፣ አይቆምም። የተመለሰችው ትዕይንቱ ካለፈ በኋላ ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ ነው ያወራችልኝ። ፊልሙን አይታው ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ ከአብዮቱ በፊት፣ ሲኒማ ቤት፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር።

ያ ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር አንድ ሌሊት ከቤት ተወሰደ። አልተመለሰም። ቤቱን መርቶ ያሳየው ልጅ የሰፈር ልጅ ነበር። ከአጎቴ ጋር ኳስ የሚጫወት፣ ጊታር የሚሞካክር፣ አያቴ ቤት ምሳ እየበላ ያደገ። ስሙን አልጽፍም፤ እማዬም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም።

«ሮልፍን እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «እኛ ሰፈር ነበር።»

ቀጥላም፦ «ሲኒማ ቤት ስናየው 'ከሃዲ!' እያልን ነበር የጮህንበት። ወንድሜ ነበር ከሁላችንም ይበልጥ የጮኸው። በኋላ፣ እኛ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ዕድሜውን አሰብኩት። አሥራ ሰባት ነው እኮ። የእኛውም አሥራ ሰባት አይሞላውም ነበር።»

ይቅር ብላዋለች ማለቴ አይደለም። አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝም። «ከዚያማ ተጋቡ፣ አለቀ» ያለችኝ ለምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ገባኝ።

እንግዲህ የእኔ ፍቅር ከዚህ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ የምወደውን ነገር ሳልመረምር የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ፊልም ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ስመረምረው ኖሬያለሁ። ብዙ ውሸት አለበት። እውነተኛዋ ማሪያና እውነተኛው ካፒቴን ጌኦርግ ፎን ትራፕ የተጋቡት በ1938 ሳይሆን በ1927 ነው፤ ሀገር ጥለው ሲወጡ ትዳራቸው አሥር ዓመት አልፎት፣ ከሰባቱ ልጆች ሌላ ሁለት ወልደው፣ ማሪያም ሌላ ልጅ አርግዛ ነበር። ካፒቴኑ ሙዚቃ የሚጠላ ቀዝቃዛ አባት አልነበረም፤ ልጆቹ በዚህ አቀራረብ እስከ እርጅናቸው ቅር ሲላቸው ኖረዋል። በእግራቸው ተራራ አቋርጠውም አልተሰደዱም። ከሳልዝበርግ ያንን ተራራ ብትሻገር የምትወርደው ጀርመን ውስጥ፣ ሂትለር መኖሪያ ባሠራበት በቤርሽተስጋደን አካባቢ ነው። እነሱ በባቡር ነው የሄዱት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ ጣሊያን። ትተውት የሄዱት ቤት በኋላ የሂምለር መኖሪያ ሆነ።

ካፒቴኑ ግን እውነተኛ ካፒቴን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ፣ የተሸለመ ጀግና። ጦርነቱ ሲያልቅ ግዛቱ ፈረሰ፣ ኦስትሪያ ባሕሯን አጣች፣ እሱም ባሕር የሌላት ሀገር የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ተራራ ሥር ቤት ይዞ ተቀመጠ። ስለ ቀይ ባሕር አልጽፍም ብያለሁ። ግን ምጽዋን የሚያስታውስ አንድ ጡረተኛ የባሕር ኃይል ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ካፒቴኑ ለምን ቤቱን መርከብ እንዳደረገው ላስረዳችሁ አያስፈልግም።

ወደ ጣሊያን መሄዳቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ወሰደኝ። ለምን ጣሊያን? ምክንያቱም ጌኦርግ የተወለደባት የዛራ ከተማ ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን ስለሆነች ዜግነቱ ጣሊያናዊ ነበር። ዓመቱ 1938 ነው። ያኔ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። የልጅነቴ ጀግኖች ከፋሺዝም ሸሽተው መጀመሪያ ያረፉት የእኛን ሀገር በያዘችው በፋሺስት ጣሊያን ነው!

ነገሩ እዚያ ላይ አያቆምም። በሐምሌ 1934 የኦስትሪያ ናዚዎች መራሔ መንግሥቱን ዶልፉስን ሲገድሉ ኦስትሪያን ከሂትለር ያዳናት ሙሶሊኒ ነበር፤ ወታደሮቹን ወደ ብሬነር መተላለፊያ አንቀሳቅሶ። በጥቅምት 1935 ይኸው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥል አንሳተፍም ካሉት ጥቂት አባል ሀገሮች አንዷ ኦስትሪያ ነበረች፤ ሌሎቹ ሃንጋሪና አልባኒያ። ጠባቂዋን ማስቀየም አልፈለገችም። ጠባቂዋ ግን በኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ተቃቅሮ ወደ ሂትለር ተጠጋ፤ በመጋቢት 1938 የጀርመን ጦር ድንበሩን ሲሻገር ብሬነር ላይ አንድም የጣሊያን ወታደር አልተንቀሳቀሰም። ስለ እኛ ዝም በማለት ያተረፈችው ጠባቂ በእኛ ጦርነት ምክንያት ከዳት።

ይህን ያወቅሁ ሰሞን ፊልሙን ለማየት ከበደኝ። ካፒቴኑ በበዓሉ መድረክ ላይ ጊታር ይዞ «ኤደልዋይስ»ን ሲጀምር ድምፁ ይታነቃል፣ ማሪያ ትቀበለዋለች፣ አዳራሹ በሙሉ አብሮ ይዘፍናል። በልጅነቴ ካሴት ላይ ይህ አልነበረም፤ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ግን ያለ እንባ አይቼው አላውቅም። የሚያለቅስላት ኦስትሪያ ማን ናት? እኛ ስንወረር ከወራሪያችን ጋር ንግዴን አላቋርጥም ያለችው ናት። ከሂትለር በፊትም ቢሆን ፓርላማዋን ዘግታ በአዋጅ የምትተዳደር አምባገነን መንግሥት ነበረች። አዳራሹስ? በእውነተኛው መጋቢት 1938 ቪየና ውስጥ ሔልደንፕላትዝ አደባባይ ላይ ሂትለርን ሊቀበል የወጣው ሕዝብ ስፍር ቁጥር አልነበረውም። በዚያው ሳምንት አይሁዶች ተንበርክከው የቪየናን መንገድ እንዲፈገፍጉ ይደረጉ ነበር፤ ከ65 ሺህ በላይ የኦስትሪያ አይሁዶች በኋላ ተገደሉ። ፊልሙ ስለ አይሁዶች አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህን እኔ ልከላከልለት አልችልም፣ አልፈልግምም። ዘፈኖቹን የጻፉት ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሀመርስታይን ናቸው፤ ሮጀርስ አይሁዳዊ ነው፣ የሀመርስታይንም አባት ከአይሁድ ቤተሰብ የወጣ ነው። ዝምታው ከዚህ ጋር ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል።

የፊልሙ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ሳልዝበርግ ላይ ሲቀርጹ የከተማው ሹማምንት የስዋስቲካው ባንዲራ እንዲሰቀል አልፈለጉም ነበር፤ ሕዝባችን እንዲህ አልነበረም ባይ ናቸው። እንግዲያውስ የ1938ቱን የእውነተኛውን አቀባበል የዜና ፊልም እንጠቀማለን ሲባሉ ባንዲራውን ፈቀዱ። ያንን ዶርም ውስጥ ከአልጋዬ ያስነሳኝን ባዶ አደባባይ አስቡት። እኔ ባዶነቱ የሐዘን መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ለምን እወደዋለሁ? ወዳጄ ማኪያቶውን ይዞ የጠየቀኝ እሱን ነው። የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። «ኤደልዋይስ» የኦስትሪያ ጥንታዊ የሕዝብ ዘፈን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ለ1959ኙ ተውኔት የተጻፈ ነው፤ ሀመርስታይን በካንሰር ታሞ ሳለ የጻፈው የመጨረሻ ግጥሙ ነው፤ በነሐሴ 1960 ሞተ፣ ፊልሙን አላየውም። አንድ የሚሞት አሜሪካዊ ስለ አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ለአንዲት ያልነበረች ኦስትሪያ ጻፈ። እንደዚያ ተደርጎ የሚዘፈንላት ኦስትሪያ በካርታ ላይ የለችም፤ ምናልባት ኖራም አታውቅም። ካፒቴኑ ለእሷ ሲል ግን ቤቱን፣ ማዕረጉንና ገንዘቡን ትቶ ሄደ፤ ይህንን እውነተኛውም ካፒቴን አድርጎታል፣ የቀረበለትን የባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥነት እምቢ ብሎ። እኛም የምናለቅስላት ኢትዮጵያ በየትኛው ዓመት እንደነበረች ብንጠየቅ ሁላችንም ተመሳሳይ ዓመት አንጠራም። አንዳንዱ እንዲያውም የሚጠራው ዓመት የሌላው ሰው ወንድም የተገደለበት ነው።

ወዳጄ «ይሄ መልስ ነው?» አለኝ። ያለኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምርለት። ቪየና ውስጥ ሜክሲኮፕላትዝ የሚባል አደባባይ አለ። የኦስትሪያን መወረር በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በይፋ የተቃወመችው ሜክሲኮ ስለነበረች በ1956 የተሰየመላት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ ታውቃላችሁ፤ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች ነው። በሜክሲኮ ከተማም ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። እኔ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሰልፉ ረዝሞ ዝናቡ ሲጀምር፣ ያ የኖታ ዘፈን ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል። አጠገቤ ያለው ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ባለፈው የገና ዋዜማ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ ካሴቱን ያየሁበት ዕድሜ። ቀኑን ሙሉ ሳስብ ነበር፦ ሰርጉ ላይ ላቁመው ወይስ ልተወው? እማዬን አማከርኳት። «የራስህ ልጅ ናት» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። ሪሞቱን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ልጄ ደወሉ ጋ ሳትደርስ፣ ልጆቹ በደረጃው ደህና እደሩ እያሉ ሲወጡ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጋቢ አለበስኳት።

ከእማዬ ጋር ቀጠልን። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ተነሳች፤ «ውሃ ልጠጣ» አለች። ቧንቧው ፈሰሰ። የተመለሰችው ወታደሮቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሞተሩ አልነሳ ሲላቸው ነው። ሁለቱ መነኮሳት ለእመ ምኔቷ ኃጢአት ሠርተናል ብለው ከቀሚሳቸው ሥር የፈቱትን የሞተር ዕቃ ያወጣሉ። እማዬ ልጄን እንዳትቀሰቅስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።